አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል?

«እስካሁን ሠርቷል አይደል? አትንካው።» አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ ፒክአፕ ይዞ ስለ ዘይት ቅየራ የጠየቀ ሰው ይህን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። አዲስ አበባም ይሁን ቨርጂኒያ፣ ጋራዡ ይለያያል እንጂ ምክሩ አንድ ነው፦ 200,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ዘይቱ ተቀይሮ የማያውቅ ካምቢዮ ከነዘይቱ ይተው፤ አዲስ ዘይት ካገኘ በሳምንቱ ማርሽ መያዝ ያቆማል። እንዲህ የሆነበት ሰውም አይጠፋም።

መፍረድ የሚቻለው ግን ዘይቱን የሚያስቀይረው ማን እንደሆነ ከተጠየቀ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው መኪናው ደህና ሳለ የካምቢዮ ዘይት ትዝ አይለውም። ትዝ የሚለው ማርሹ መንሸራተት ሲጀምር፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ማርሹን ጨብጠው የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች ልባስ አልቋል። ያለቀው ልባስ ዱቄት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ዱቄቱ ሻካራ ስለሆነም ለደከመው ዲስክ ትንሽ መያዣ ይሆነዋል። ንጹሕ ዘይት ሲገባ ያቺ ትንሽ መያዣ ትሄዳለች፤ መንሸራተቱ በግልጽ ይወጣል። ከዚያ ዘይቱ ገዳይ ተባለ። በሽተኛው ግን ሐኪም ቤት የደረሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነበር።

ለምክሩ መነሻ የሆኑ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው በግፊት የሚያጥበው ማሽን ነው። ለዓመታት ተረጋግቶ የተቀመጠን ዝቃጭ ቀስቅሶ ዘይቱን ወደየማርሹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ ወደ ቫልቭ ቦዲው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሊገፋው ይችላል፤ ታሪኩ በማይታወቅ ካምቢዮ ላይ እኔ አልመክረውም። ሌላው የተሳሳተ ዘይት ነው፤ እመለስበታለሁ። ከእነዚህ ውጭ፣ ገና በደንብ የሚይዝ አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ በርጋታ፣ በየደረጃው ቢቀየር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ደግሞም ከታች የማነሣቸውን መኪኖች ካምቢዮ በአንድ ቀን የሚያበላሸው ነገር ካምቢዮው ውስጥ አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ ራዲያተሩ ውስጥ ነው።

ሁሉንም መኪና በአንድ ጊዜ ማስረዳት ስለማይቻል አንዱን ልያዝ፦ ከ1995 እስከ 2004 የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ታኮማ፣ ባለ 3.4 ሊትር ቪ6 ሞተሩ። ካምቢዮው አይሲን የሚሠራው ባለ አራት ማርሹ ኤ340 ነው፤ ፎር ዊል ሲሆን መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ይጨመርበታል። ከ1996 እስከ 2002 የነበረው ፎር ራነርም፣ በአገራችን መንገድ የምናውቀው ፕራዶ 90 በዚሁ የቤንዚን ሞተር ሲመጣም ይህንኑ ይይዛሉ። የናፍጣው ፕራዶ ቅርብ ዘመዱን ኤ343ኤፍን ነው የሚጠቀመው። ለጀማሪ የሚመች ካምቢዮ ነው፦ መለኪያ ዘንግ አለው፣ ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ ሳህን) ላይ ማፍሰሻ ታፖ አለው። ከዛሬዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ የዘይቱን ደረጃ ለማየት ከሥራቸው ገብቶ መፍታት ይጠይቃል።

ታፖ ከመፍታታችሁ በፊት ዘይቱን አንብቡት። መኪናውን ሃያ ደቂቃ ያህል ንዱት፤ ለጥ ያለ ቦታ አቁሙት፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» በየደረጃው አሳልፋችሁ ወደ «ፒ» መልሱት። ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ እንደገና አውጡት። ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ሶፍቱ ላይ በእኩል ከተስፋፋ ደህና ነው። ጠቆር ብሎ ሽታው ካልከፋ አርጅቷል ማለት ነው፤ ቅየራውም የሚጠቅመው ይኸን ነው። ከጠቆረ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተና በጣት ሲታሽ ደቃቅ አሸዋ ከመሰለ ዲስኮቹ ተቃጥለዋል፤ ገንዘባችሁን ለዘይት ሳይሆን ለእድሳት አስቀምጡ። እንደ እንጆሪ ጭማቂ በወተት ሮዝና ደመናማ ከሆነ ግን ሞተሩን አጥፉ። አትንዱት፤ ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

ከቀለሙ ይልቅ የማምነው ሌላ ፈተና አለ፤ የሚጠይቀውም ሰዓት ብቻ ነው። ካምቢዮው እንደሞቀ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ቀይሩና መኪናው መያዙን የምታሳውቀው ትንሽ ንቅናቄ እስክትሰማችሁ ያለውን ጊዜ ለኩ። ከ1.2 ሰከንድ ማነስ አለበት። ከ«ኤን» ወደ «አር» ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ በታች። በመካከሉ አንድ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ ሦስት ጊዜ ደግሙና አማካዩን ያዙ። ከዚህ ከዘገየ፣ መጀመሪያ የዘይቱን ደረጃ እዩ፤ ጎድሎ ከሆነ ፖምፓው አየር እየሳበ ነው። ደረጃው ልክ ሆኖ ከዘገየ ግፊቱ አንሷል ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል።

ግፊት ካነሳን ኬብሏ አትረሳ። ከሞተሩ ስሮትል ተነስታ ወደ ካምቢዮው የምትወርድ ቀጭን ኬብል አለች። ብዙ ሰው ማርሽ መቀየሪያ ትመስለዋለች፤ ሥራዋ ግን ነዳጅ በተሰጠ መጠን የዘይቱን ግፊት ማሳደግ ነው። የነዳጁን ፔዳል አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ይርገጠው (ሞተሩ ጠፍቶ)፤ በኬብሏ ላይ ባለችው ትንሽ ብረት ማቆሚያና በጎማ ሽፋኑ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከሰፋ ኬብሏ ላልታለች፤ ግፊቱ ያንሳል፣ ማርሹ ለስለስ ብሎ ይገባል። ሹፌሩ «እንዴት ምቹ ነው!» እያለ ዲስኩ ይንሸራተታል። በሁለት ዳዶ የሚስተካከል ነገር ስንት ካምቢዮ እንዳስወረደ እንጃ።

አሁን ወደ ዘይቱ። የዚህ ካምቢዮ አብዛኛው ሞዴል የሚጠይቀው ዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ውስጥ ግን ታይፕ ቲ-4 የሚሉ አሉ። መለኪያ ዘንጉ ላይ የተቀረጸውን ወይም የመኪናውን መመሪያ አንብቡ፤ ሻጩን አትጠይቁ። ዴክስሮን 3ን ያወጣው ጄኔራል ሞተርስ ፈቃዱን በ2006 መጨረሻ ስላቆመ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት «የዴክስሮን 3ን መስፈርት ያሟላል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነው፤ ከታወቀ አምራች ከሆነ ይሠራል። የተተካበት ዴክስሮን 6 ቀጠን ያለ ነው፤ የቶዮታ አዲሱ ደብሊውኤስም እንደዚሁ። አዲስ ነው፣ ውድ ነው ተብሎ ደብሊውኤስ እዚህ ካምቢዮ ውስጥ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ለቀጭን ዘይት ያልተሠራ አሮጌ ፖምፓና ያረጁ ማኅተሞች ያለውን ግፊት ያሳጣል።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። የፎር ዊሉ ኤ340ኤፍ ባዶውን ሲሞላ 10 ሊትር ከትንሽ ፈሪ ይወስዳል። ታፖው ሲፈታ ግን የሚወርደው 2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው)፣ የማቀዝቀዣው ቱቦዎችና የማርሾቹ ክፍሎች ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ስትሞሉ 20 በመቶው አዲስ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር 36 በመቶ ያደርሳል፣ ሦስተኛው 49፣ አራተኛው 59። «ዘይቱን ቀየርኩለት» የሚለው መካኒክ 2 ሊትር ጨምሮ ከሆነ፣ ከአምስቱ አራቱ እጅ የድሮው ነው።

ታሪኩ ለማይታወቅ ካምቢዮ ይህ ድክመት ጥቅም ይሆናል። እኔ የምመርጠው፦ ዛሬ ኮፓውን አውርዶ ማጽዳትና መሙላት፣ ከዚያ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ በታፖው ብቻ 2 ሊትር እያወረዱ መተካት፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ። አጠቃላይ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያህል ዘይት ይፈጃል። ካምቢዮው ከአዲሱ ጋር ቀስ ብሎ ይለማመዳል፤ በመካከሉ አንድ ነገር ከተለወጠ እዚያው ታቆማላችሁ። ጎማዎቹን አግዱ፣ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አትግቡ፣ ዘይቱም ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ፎር ዊል ከሆነ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የትራንስፈሩ ታፖ ከኋላ ለብቻው አለ፤ እሱ 75-90 የማርሽ ዘይት ነው የሚይዘው። የወረደው ወፍራምና የሚሸት ከሆነ የተሳሳተውን ፈትታችኋል።

ታፖው ከወረደ በኋላ ኮፓውን በዙሪያው የያዙትን 19 ባለ 10 ቁልፍ ቡሎኖች ፍቱ። ሁሉ ሲወጣ ኮፓው በራሱ አይወርድም፤ ፋብሪካው በጓርኒሲዮን ፈንታ በሲሊኮን አጣብቆታል። እዚህ ላይ ነው ካቻቢቴ የሚያጠፋው። በካቻቢቴ ሲፈለቀቅ የካምቢዮው አሉሚኒየም ይጫራል፤ የተጫረ ቦታ ላይ ሲሊኮን ቢቆለልም ይንጠባጠባል። ቀጭን ሰፊ ምላጭ በጥግ በኩል አስገብታችሁ በቀስታ እየመታችሁ ዙሩት። ኮፓው ውስጥ አሁንም ዘይት አለ፤ በአንድ ወገን አዘንብላችሁ አውርዱት።

ኮፓው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሥራው ሁሉ የተሠራለት ነገር ይታያል። ውስጡ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ። እንደ ጥቁር ቅባት የሚለጠፍ ደቃቅ ጭቃ ካለባቸው የዕድሜ ነው፤ ማንም አሮጌ ካምቢዮ ያፈራዋል። በጥፍር የሚያዝ ብረት ስብርባሪ ካለ ግን ማርሽ፣ ኩሽኔታ ወይም የብረት ዲስክ እየተበላ ነው። ማግኔቱ ላይ ሳይያዝ ኮፓው ግርጌ ላይ ወርቃማ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየ ነሐስ ነው፤ ዘንጎቹ ከሚሽከረከሩባቸው ቀለበቶች፣ ከቦኮላዎቹ የመጣ። ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ ብረት ያልሆነ ነገር ከበዛ የዲስኩ ልባስ ነው። ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፓው ሲወርድ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ጭቃ ብዙም አይናገርም።

ፊልትሮው እንደ ሞተር ፊልትሮ ወረቀት አይደለም፤ ብረት ወንፊት ነው። ጥሩ ማጠቢያ አግኝቶ በአየር ከተነፋ ሊመለስ ይችላል፤ ግን ዋጋው ከድካሙ ጋር ሲታይ አዲስ ማድረግ ይሻላል። ቡሎኖቹ 10 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቁት። ወንፊቱ ሲወጣ ከላይ ተጨማሪ ዘይት ስለሚንጠባጠብ ፊታችሁን ከሥሩ አርቁ። እጃችሁ እዚያ እያለ ቫልቭ ቦዲው ላይ ያሉትን ሌሎች ቡሎኖች «ላጥብቃቸው» አትበሉ።

የኮፓውንና የካምቢዮውን ከንፈሮች ከአሮጌው ሲሊኮን አጽዱና ቅባት በማያስቀር ማጽጃ ጥረጉ። አዲሱን ሲሊኮን ዘይት የሚቋቋም መሆኑን አይታችሁ እንደ ክር ቀጭን አድርጋችሁ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ በኩል አስኪዱት። የበዛው ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ ይገባል፤ ተቆርሶ ወንፊቱን ይዘጋል። ቡሎኖቹን በመስቀል እያዘዋወራችሁ 7.4 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ በእጅ አንጓ ብቻ የሚደርስ። በክንድ ከተሳበ የኮፓው ከንፈር በየቡሎኑ መካከል ይጎብጣል፤ የሚያንጠባጥብ ኮፓ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ የጠበቀ እንጂ የላላ አይደለም። «ኧረ ይንጠባጠባል» ተብሎ እንደገና ሲጠብቅ ደግሞ ይባስ ይጎብጣል። ሲሊኮኑ እንዲደርቅ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፤ ታፖው ላይም አዲስ ቀለበት አድርጉ።

የሚሞላው በመለኪያ ዘንጉ ቱቦ በኩል ነው፤ ረጅም አንገት ያለው ፈነል ያዙ። የወረደውን በሊትር በተመዘነ ዕቃ ለክታችሁ ያንኑ ያህል መልሱ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ ማርሹን በየደረጃው አሳልፉ። በቀዝቃዛው ምልክት ላይ መድረሱ ለጊዜው ይበቃል። ትክክለኛው ንባብ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚታየው ነው፤ በሞቃቱ ሁለት መስመሮች መካከል መሆን አለበት። ከሞላችሁ በኋላ ቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረው ዘይት ዘንጉን ስለሚያረጥበው ንባቡ ያሳስታል፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ዘንጉን ሁለቴ አስገብታችሁ አውጡ፣ በሁለቱም ወገን ዝቅ ብሎ የሚታየውን እመኑ።

«ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» የሚባለው እዚህ አይሠራም። ዘይቱ ሲበዛ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይደርሱበትና እንደ እርጎ ይንጡታል። አረፋ የሆነ ዘይት ውስጡ አየር ስላለ ግፊት አይይዝም፤ ማርሹ ይንሸራተታል፣ የተረፈውም በመተንፈሻው ወጥቶ ሥሩን ያጨቀያል። የጎደለና የበዛ ካምቢዮ አመላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ለዚህ ነው በግምት የማይጨመረው።

ሙሉውን በአንድ ቀን መለወጥ የግድ የሚሆነው አንድም ዘይቱ የተሳሳተ ዓይነት ሲሆን፣ አንድም ውሃ ሲገባበት ነው። ያኔ ሁለት ሰው ሆኖ ይሠራል። ከራዲያተሩ ወደ ካምቢዮ የሚመለሰውን ቱቦ ፈትታችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ቀጥሉበትና ልኬት ወዳለው ባልዲ አስገቡት። አንዱ ሞተሩን ያስነሣል፣ ሌላው ባልዲውን ያያል። 2 ሊትር ሲሞላ ወይም ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ሲታይ ወዲያው ይጥፋ፤ 2 ሊትር ይጨመር፤ ይደገም። ጠርቶ ቀይ እስኪመጣ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ግፊቱ የካምቢዮው የራሱ ፖምፓ ነው፤ በግፊት ከሚያጥበው ማሽን የሚለየውም በዚህ ነው። ባልዲውን እያየ ወሬ የሚያወራ ረዳት ግን ፖምፓውን ያለ ዘይት ያስኬደዋል።

አሁን ወደ ራዲያተሩ፣ ወደ ሮዝ ወተቱ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ የታችኛው ታንክ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለፈ ነው። በዘይቱና በራዲያተሩ ውሃ መካከል ያለው ቀጭን ብረት ብቻ ነው። ዕድሜ ሲጫነው፣ በተለይ ቱቦዎቹ ወደ ታንኩ በሚገቡበት አንገት ላይ፣ ይበላል። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፖምፓ ይቆማል፤ የሞቀው ራዲያተር ግን ክዳኑ እንደጠበቀ ግፊቱን ይዞ ይቆያል፤ ያኔ ውሃው በተራው ወደ ካምቢዮው ይሄዳል። ሰውዬው ማታ ደህና መኪና አቁሞ ጠዋት የሚያስነሣው ሌላ መኪና ነው። የዲስኮቹ ልባስ እንደ ወረቀት ያለ ነገር በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ውሃና ኩላንት ሙጫውን ይፈታዋል። ቶሎ ከተደረሰበት፣ ራዲያተሩ ተቀይሮ ዘይቱ በዚያው ቀን ደጋግሞ ከታጠበ የሚተርፍ አለ። ሳምንት ከተነዳ እድሳቱ አይቀርም።

አሜሪካ ውስጥ የእነዚህ ታኮማዎችና ፎር ራነሮች ባለቤቶች ሥራዬ ብለው የሚፈሩት ይህን ነው። ለእኛ አገር ፕራዶ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ራዲያተራችንን በቧንቧ ውሃ የመሙላት ልማድ አለንና። ኩላንት በረዶን ለመከላከል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ውስጡ ያለው ዝገት መከላከያ ግን አዲስ አበባም ያስፈልጋል፣ አዳማም ያስፈልጋል። ራዲያተር ሲጠገንም ጠጋኙ ዋናውን ቀፎ አይቶ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ የካምቢዮው ማቀዝቀዣ ለብቻው መፈተን አለበት። አንዱን አንገት ዘግቶ በሌላው አየር እየሰጡ ታንኩን ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋ ከወጣ ራዲያተሩ ለዚህ መኪና አይሆንም።

ሌላው መፍትሔ ራዲያተሩን ጭራሽ መዝለል ነው፦ ለብቻው የሚሸጥ የአየር ማቀዝቀዣ ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት አስሮ ሁለቱን ቱቦዎች ወደሱ መውሰድ። ለዘይት የተሠራ ጎማ ይሁን፣ የነዳጅም የውሃም አይደለም። ሙቀት ለሚበዛባቸው ለአዳማ፣ ለድሬዳዋ፣ ለአሜሪካዋ ፊኒክስ ይህ ያለ ክርክር ጥሩ ነው። ብርዱ ከባድ ለሆነበት ለሚኒያፖሊስ ግን ራዲያተሩ ዘይቱን የማሞቅም ሥራ ስላለው እኔ አዲስ ራዲያተር አስገብቼ የአየር ማቀዝቀዣውን ከሱ ቀጥሎ በተከታታይ ባስረው እመርጣለሁ።

የሙቀት ነገር ከተነሣ፣ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ አውቶማቲክ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ኦቨርድራይቩን (አራተኛውን ማርሽ) አጥፉ፤ በሦስትና በአራት መካከል እየዋለለ ዘይቱን ከሚያበስለው በሦስት ይጎትት። ቁልቁለቱ ላይም ወደ «2» አውርዱት፣ ፍሬኑም ያመሰግናችኋል። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ያላት መኪና ከሆነችና ከበራች፣ ቁሙ፤ «ፒ» ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አታጥፉት፣ ዘይቱ እየዞረ ይቀዝቅዝ።

ቅየራው ካለቀ በኋላ ከወረደው ዘይት ትንሽ በብልቃጥ ቅዱና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት። በሚቀጥለው 1,000 ኪሎ ሜትር የሚወርደውን አጠገቡ አስቀምጡት፤ እየጠራ ከመጣ ቀጥሉ፣ በአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ተመልሶ ከጠቆረ ዲስኮቹ እየነደዱ ነው። የተረፈውን አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። አሜሪካ ያሉ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይቀበላሉ፤ የወተቱን ዓይነት፣ ኩላንት የተቀላቀለበትን ግን አብዛኞቹ ስለማይወስዱ በሌላ ጀሪካን ለዩት።